«በር ላይ እገዛለሁ»

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ፣ ቲኬት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ወጣት የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ማለፊያ ነገር አስባችኋል፤ በእርግጥ እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ግን በር ላይ እገዛለሁ» ይባላል። መልሱ በፈገግታና በምርቃት የታጀበ ስለ ሆነ እንቢታ አይመስልም። ሻጩም አመስግኖ ይሄዳል። ማታ ደብተሩን ገልጦ ሲቈጥር ግን የተስፋው ቃል ገጹን ሞልቶት፣ የተሸጠው ቲኬት በአንድ እጅ ጣት የሚቈጠር ሆኖ ያገኘዋል።

ስለዚህች አጭር ንግግር ጥቂት ለማለት ፈልጌአለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በከተሞቻችን የሚጀመሩ ብዙ መልካም ነገሮች ለሁለተኛ ዓመት የማይደገሙት በእርስዋ ምክንያት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ስለ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደምናገር ልግለጥ። ነጋዴ ለትርፍ ስለሚያሰናዳው የሙዚቃ ምሽት አይደለም፤ እርሱ ትርፉንም ኪሳራውንም አስልቶ የገባበት ነው። መሥሪያ ቤት በበጀት ስለሚጠራው ስብሰባም አይደለም። የእኔ ነገር አንድን ነገር የሚወዱ ሰዎች፣ ስለ ወደዱት ብቻ፣ ከሥራቸውና ከትምህርታቸው በተረፈ ጊዜ ስለሚያዘጋጁት ነው፤ ይኸውም የመጻሕፍት ወዳጆች የሚያደርጉት የንባብ ጉባዔ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ፣ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ጉዞ፣ በክረምት ከየዩኒቨርስቲው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ልጆች የሚያሰናዱት የቲያትርና የግጥም ቀን ነው። የእነዚህ አዘጋጆች ደመወዝ የለም። መነሻ ገንዘብም የላቸውም። ያላቸው ፍቅርና የእጅ ስልክ ነው።

ፍቅር ደግሞ ለአዳራሽ ቀብድ አይሆንም። አዳራሹ ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ወንበርና ድንኳን የሚያከራየው፣ የድምፅ ማጉያው ባለቤት፣ ምግብ የምታበስለው ሴትዮ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ሁሉም ገንዘቡን ወይም ግማሹን አስቀድመው ይጠይቃሉ። ልክ ናቸው፤ እነርሱም ቤተ ሰብ አላቸው። እንግዲህ «በር ላይ እገዛለሁ» የሚለው ሰው በሌላ ቋንቋ የሚናገረው ይህን ነው፤ «የእኔን ወንበር ዋጋ እናንተ ከኪሳችሁ ክፈሉልኝ። ዕለቱ ሲደርስ ዝናብ ካልጣለ፣ እንግዳ ካልመጣብኝ፣ ሌላም የተሻለ ነገር ካልተገኘ መጥቼ እከፍላችኋለሁ።» ይህ ብድር ነው። ተበዳሪው ግን መበደሩን አያውቀውም፤ እንዲያውም ውለታ የዋለ ይመስለዋል።

ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በአውቶቡስ ጉዞ ነው። የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ዳግመኛ አድጎ የተጫወተው በ2012 ዓ.ም. ነበር። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች ሐዋሳን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋን በመሳሰሉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ። ስለዚህ በእግሩ ዘና እያለ ወደ አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ይሄድ የነበረው ደጋፊ ክለቡን ለማየት በሃላባ በኩል ሐዋሳ ድረስ መጓዝ ግድ ሆነበት። ለዚህም አውቶቡስ መከራየት ያስፈልጋል።

አውቶቡስ ሞላም ጎደለም ኪራዩ አንድ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የሃምሳ ሰው መኪና በሠላሳ ሺህ ብር ተያዘ እንበል። ሃምሳው ሁሉ አስቀድመው ቢከፍሉ ለእያንዳንዱ ስድስት መቶ ብር ይደርሰዋል። ሃያዎቹ «ጠዋት መናኸሪያው ላይ እከፍላለሁ» ብለው ቢቀሩ ግን በቀሩት ሠላሳዎች ላይ የሚወድቀው አንድ ሺህ አንድ ሺህ ብር ነው። በሌሊት ተነሥቶ በቃሉ የተገኘው ደጋፊ በቤቱ ለተኛው ደጋፊ አራት መቶ ብር ቀጣ ማለት ነው። በአገራችን የሚቀጣው ያጠፋ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ታማኙ ተቀጪ ሆነ።

ስለ ሊጉ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ክለቦቻችን ከዚያ በፊት ያላዩት ገቢ ነውና ስምምነቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች የተወሰኑት በሽታው፣ የሜዳዎቹ ደረጃና የቴሌቪዥኑ ሥራ ተደማምረው መሆኑንም አልስትም። ነገር ግን ልብ ላለው ሰው አንድ ነገር ይታያል። ገንዘቡን አስቀድሞ ያስቀመጠ ወገን በቦታውና በሰዓቱ ላይ ድምፅ አለው። በር ላይ ከፍሎ የሚገባው ተመልካች ግን ድምፁ የሚሰማው ጎል ሲገባ ብቻ ነው።

የዛሬው ነገሬም ዋናው ይኸው ነው። በቅድሚያ ቲኬት መግዛት ዋጋ ለማርከስ ወይም ቦታ ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዝግጅቱ የማን እንደሚሆን የሚወስነው አስቀድሞ የገባው ገንዘብ ነው።

አዘጋጆቹ ከወዳጆቻቸው ቀብድ ባጡ ጊዜ የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። «ትብብር ስለ መጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ድርጅት በር ይሄዳሉ። ዱሮ ይህ በር ሩቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ግን ሆሳዕና የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹም በከተማይቱ ውስጥ ከፈቱ። ይህ ለከተማይቱ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ቀብድ ያጣ ወጣት አሁን ደብዳቤውን ይዞ ብዙ መንገድ መሄድ ስለማያስፈልገው፣ ከወዳጆቹ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሚደክም ይልቅ ስፖንሰር መፈለጉ ይቀለዋል።

ስፖንሰሩም ደግ ነው፤ ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በመጀመሪያ የጨርቅ ማስታወቂያው ይመጣል፤ በእርሱም ላይ የሰጪው ስም ከገጣሚው ስም ይልቅ በሦስት እጥፍ ገዝፎ ይጻፋል። ቀጥሎ የክብር እንግዳ ያስፈልጋል። ስምንት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ጉባዔ የክብር እንግዳው እስኪደርስ አሥር ሰዓት ይሆናል። እንግዳው ሲደርስ የመክፈቻ ንግግር ያደርጋል፤ ከእርሱ በኋላ የሰጪው ድርጅት ተወካይ ስለ ድርጅቱ አገልግሎት ያስረዳል፤ ቀጥሎ የምስጋና ወረቀት ይታደላል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ከሦስት ወር ጀምሮ ግጥሙን ሲያጠና የነበረው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተራው ሲደርስ «ጊዜ ስለ ሌለን በአጭሩ» ይባላል። ሕዝቡም ወደ ቤቱ ሲመለስ «ዝግጅቱ ስብሰባ ሆነ» ብሎ ያማል። የሚያማው ግን ማነው? በር ላይ እገዛለሁ ብሎ አዘጋጆቹን ወደ ስፖንሰር ደጅ የሰደዳቸው እርሱ ራሱ ነው።

ከዚህ ጋር የጥሪ ካርድን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ይህ ክፍል በተለይ የእኔን ዕድሜ የሚመለከት ነውና። ዲግሪውን ከያዘ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ገና አዲስ ጠረጴዛ የተሰጠው ወጣት ሠራተኛ ቲኬት ሲቀርብለት «የጥሪ ካርድ አልተዘጋጀም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የቲኬቱ ዋጋ ከጓደኞቹ ጋር ለአንድ ምሳ ከሚያወጣው አይበልጥም። ነገር ግን ካርድ መቀበል ክብር፣ ቲኬት መግዛት እንደ ተራ ሰው መቈጠር መስሎ ታይቶታል። እንደ ታዘብሁት ከሆነ ባለ ካርዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል፣ ስልኩን ሲነካካ ቈይቶ ሳያልቅ ይወጣል። የኋላው ወንበር ላይ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭበው ከኪሱ ከፍሎ የገባው ተማሪ ነው። የክልል ባለ ሥልጣን በካርድ ቢጠራ አልቃወምም፤ ሥራው ነው። የክፍል ኃላፊና የክፍል ኃላፊ ጓደኛ ግን ምን የሚያስጠራው ነገር አለ?

በተማሪነቴ ዘመን፣ በአንድ የክረምት መጨረሻ፣ የአንድ ወረዳ ልጆች ባዘጋጁት መሰባሰቢያ ላይ እኔም ወንበር ከሚያወርዱት አንዱ ነበርሁ። ለምሳ አታካና ይቀርባል ተብሎ ነበር። አታካና ቡላና ብዙ ቅቤ የሚጠይቅ የክብር ምግብ ስለ ሆነ እንደ ሽሮ ሰው ሲበዛ ውኃ የሚጨመርበት አይደለም። ምግቡን የሚሠሩልን እናት ሐሙስ ማታ «ልጆቼ፣ ስንት ሰው ልበል?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ሁለት መቶ አለ፤ አንዱ ስድሳ አለ። ተከራክረን መቶ ሃያ ላይ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ወረደ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ሰው እንኳ አልሞላም። ሰማዩ ሲጠራ ግን ሰዉ በአንድ ጊዜ በሩን ሞላው፤ ገንዘብ ተቀባዩም ደስ ብሎት ሁሉንም አስገባ። ምግቡ አለቀ። ቲኬታቸውን ከሦስት ሳምንት በፊት የገዙ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ስለ መጡ የዘገዩ ሰዎች ባዶ ሰሐን ጠበቃቸው። እናትየውም ድስቱን አጋድመው ካሳዩን በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩንም።

«ሕዝባችን በቅድሚያ የመክፈል ልማድ የለውም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህን የሚሉት የገዛ አገራቸውን ሳያዩ የቀሩ ናቸው። በሀዲያ የያሆዴ በዓል በመስከረም አጋማሽ ሲደርስ የሚታረደው በሬ ከሰማይ አይወርድም። አባወራዎች ቱታ በሚባለው ማኅበራቸው አስቀድመው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሲደርስ በሬውን ገዝተው አርደው ይካፈላሉ። እናቶችም በዊጆ ቅቤያቸውን አስቀድመው ያጠራቅማሉ። የከምባታው መሳላም ያለ ረጅም ጊዜ ዝግጅት የሚደርስ በዓል አይደለም። ቱታ ምንድነው? በሬው ገና ባልታወቀበት ጊዜ ድርሻን ከፍሎ መጠበቅ ነው። ለመሆኑ ከአባወራዎች መካከል «እኔ አሁን አልከፍልም፤ በዕርዱ ቀን ቢላዋው ሲመዘዝ መጥቼ እገዛለሁ» የሚል ሰው ተሰምቶ ያውቃልን? ቢኖርም ሌሎቹ ሲካፈሉ እርሱ አጥር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር።

የቱታን ሥራ የሚያውቅ ሰው በቅድሚያ የተሸጠ ቲኬት ምን እንደ ሆነ ሊያስረዱት አይገባም። ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ድርሻ ሲቈጠር ያየ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ዩኒቨርስቲ ገብቶ፣ ሥራ ይዞ ሲመለስ ነው ነገሩ የሚጠፋበት። ምናልባት ቲኬት የሚባለው ወረቀት የባዕድ ነገር መስሎ ስለ ታየው ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባ ብንሄድም ያው ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በአሥር ሺህ ሯጮች ሲጀመር የመግቢያው ምልክት ካኒቴራው ነበር፤ ካኒቴራውም የሚሸጠው ከሩጫው ቀን በፊት ነው። ከዚያም ወዲህ የሯጩ ቍጥር ከአርባ ሺህ በላይ ሲደርስ ካኒቴራው አስቀድሞ እየተሸጠ እንደሚያልቅ የከተማው ሰው ያውቃል፤ ስለዚህም ይሽቀዳደማል። ያ ትልቅ ድርጅት ነው፤ የእኛዎቹ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ሰዉ ግን አንድ ሰው ነው። በኅዳር ለሚሮጠው አስቀድሞ የሚከፍል እጅ በሆሳዕና ለሚደረገው የንባብ ቀን አይከፍልም የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

በውጭ አገርም ይህ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ ከተማ የሳይንስ ልብ ወለድ ድርሰት የሚወዱ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባዔያቸውን አደረጉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 እስከ 1945 ከተቋረጠው በቀር ጉባዔው በየዓመቱ ሲደረግ ኖሯል። ጉባዔውን የሚያካሂደው ነጋዴ ኩባንያ አይደለም፤ በየዓመቱ በሌላ ከተማ የሚኖሩ ወዳጆች በፈቃዳቸው ያዘጋጁታል። ታዲያ እንዴት ሳይፈርስ ቈየ?

መልሱ በመግቢያው አሠራር ላይ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ወደ ጉባዔው የሚገባ ሰው ቲኬት የገዛ ተመልካች አይባልም፤ አባል ይባላል። አባልነቱም ቀኑ እየቀረበ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የከተማው አመራረጥ ነው። ጉባዔው ወደፊት በየትኛው ከተማ እንደሚሆን አባሎቹ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፅ ለመስጠትም ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ያም ገንዘብ ለአሸናፊው ከተማ አዘጋጆች መነሻ ይሆናል፣ ለከፋዩም ለዚያ ጉባዔ እንደ ቅድሚያ አባልነት ይቈጠርለታል። ድምፁና ቀብዱ አንድ ወረቀት ላይ ናቸው ማለት ነው። ሊሄዱ የማይችሉ ሰዎች እንኳ አነስ ያለ ክፍያ ከፍለው ለዓመቱ ድርሰቶች በሚሰጠው ሽልማት ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። የእኛ አባቶች ይህን ቢሰሙ ቱታ ነው ይሉት ነበር፤ በሬ የሌለበት ቱታ።

የራሳችንም ወገኖች በሰሜን አሜሪካ ሠርተው ያሳዩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በክረምት በአንድ ከተማ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል ሳምንት ያደርጋል፤ ከየግዛቱ የሚመጣው ሰውም የአውሮፕላን ቲኬቱንና ማደሪያውን አስቀድሞ ይይዛል። ይሁን እንጂ በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ ወቅት ሁለት ውድድሮች፣ አንዱ በዳላስ ሌላው በዋሽንግተን፣ ተደረጉ። ለመለያየታቸው ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ የአንድ ባለ ብዙ ገንዘብ ደጋፊ ጉዳይ ነበር። ማን ትክክል እንደ ነበረ መፍረድ የእኔ ፋንታ አይደለም። ትልቅ እጅ በገባበት ቤት «ይህ ቤት የማነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ለማሳየት ብቻ ነው ያነሣሁት።

አሁን የተቃዋሚውን ቃል ልስማ። «ገንዘቤን ይዘው ቢጠፉስ? ዝግጅቱ ቢቀርስ?» ይላል። ይህ በፍጹም የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ዳሽኮን የተባለ የወዳጆች ጉባዔ ተደርጎ ነበር። እንግዶቹ ቲኬታቸውን አስቀድመው ገዝተው መጥተዋል። በመጀመሪያው ቀን ማታ አዘጋጆቹ ብቅ ብለው ሆቴሉ አሥራ ሰባት ሺህ ዶላር ዛሬውኑ ካልተከፈለኝ ይላልና እርዱን አሉ፤ ሕዝቡም እዚያው በእጁ አዋጣ። በኋላ ደግሞ ዋና ተናጋሪዎች የተባሉት ሳይቀርቡ ቀሩ፤ ለባለ ቲኬቶቹ ካሣ ተብሎ ከተሰጡት ነገሮች አንዱ ሕፃናት በሚጫወቱበት የፕላስቲክ ኳስ ገንዳ ውስጥ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ነበር። ዓለም እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ከፋዮቹ ግን አልሳቁም።

እንግዲህ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። የቱታ ገንዘብ የማይጠፋው አባሎቹ ከሌላው የተሻሉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ገንዘቡን የያዘው ሰው ቤቱ የት እንደ ሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ቲኬት የሚሸጡ ወጣቶችም ሊያደርጉ የሚገባው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ያዡ ማን እንደ ሆነ ስሙ በቲኬቱ ጀርባ ይታተም። ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ስልክ ቴሌብር ውስጥ ሳይሆን ሦስት ሰዎች በሚፈርሙበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። «እስከዚህ ቀን ይህን ያህል ሰው ካልገዛ ዝግጅቱ ይቀራል፤ ገንዘባችሁም እስከዚህ ቀን ይመለሳል» ተብሎ ከመጀመሪያው ይነገር። ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ በተሸጠበት ቦታ ሁሉ ይለጠፍ፤ ሃምሳ ብር ቢተርፍ ሃምሳ ብር ተረፈ ተብሎ ይጻፍ። ይህን የማያደርግ አዘጋጅ ሰዉ በር ላይ እገዛለሁ ቢለው ሊከፋ አይገባውም። የሚያደርገው ግን ሊከፋ መብት አለው፤ እኔም ከእርሱ ጋር እከፋለሁ።

ለገዢው በኩል ደግሞ ምክንያቱ እየቀነሰ ሄዷል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት «ሻጩን አላገኘሁትም፣ ዝርዝር ብር የለኝም» ማለት ያስኬድ ነበር። ዛሬ ገንዘብ ለማስተላለፍ ከወንበር መነሣት እንኳ አያስፈልግም፤ ዋቸሞ ዩኒቨርስቲ ያለ ተማሪ ማደሪያው ተኝቶ፣ ዱራሜ ያለው ሠራተኛ በቢሮው ሆኖ መክፈል ይችላል።

በር ላይ ያለው ዋጋ ከቅድሚያው ከፍ ይበል ወይ የሚል ክርክርም አለ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ብዝበዛ ያየዋል። እኔ ግን ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን በሚታይ መጠን ከፍ ይበል ባይ ነኝ። ቅድሚያ መቶ ብር ከሆነ በር ላይ መቶ ስልሳ ይሁን። አዘጋጆቹ የአዳራሹን ቀብድ ተበድረው ሲከፍሉ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩበት ዋጋ አለው፤ ያንንም የሚከፍለው ያደረሰባቸው ሰው ሊሆን ይገባል። ደግሞም በር ላይ ላለው ሰው የተለየ ጥቂት ወንበር ይቀመጥ እንጂ የምግቡ ቍጥር አስቀድሞ በተሸጠው ብቻ ይያዝ። ይህን ስል የሐሙስ ማታውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪውን መርሳት አይገባም። ተማሪ የሚዘገየው ልቡ ስላላሰበ አይደለም፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለማይገኝለት ነው። ደመወዝተኛውን በገሠጽሁበት ቃል እርሱን ልገሥጸው አልችልም። ለእርሱ መፍትሔው አሁንም የአባቶቹ ነው፤ መቶውን ብር በአንድ ጊዜ ከሚጠየቅ ከግንቦት ጀምሮ ሃያ ሃያ ብር ለአምስት ጊዜ ይክፈል፤ ገንዘብ ያዡም ደብተር ላይ ይመዝግብለት። በአምስተኛው ጊዜ ቲኬቱን ይቀበላል። አምስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ደግሞ በዝናብ ምክንያት አይቀርም፤ ምናልባትም ከዝግጅቱ ዋዜማ መጥቶ ወንበር ከሚያወርዱት አንዱ ይሆናል።

ከፍሎ መምጣት ያልሆነለት ሰው ቢኖርም ነገሩ ከባድ አይደለም። በቲኬቱ ላይ የሰው ስም አይጻፍ፤ ቍጥር ብቻ ይኑረው። ሥራ የያዘው ለታናሽ ወንድሙ ይስጠው፤ ወንድም የሌለው ለጎረቤቱ ልጅ ይስጠው። ወንበሩ እንደ ሆነ ተከፍሎበታል፤ አታካናውም በስሙ ተሠርቷል።